ከ«ደረሰኝ» ወደ «ደረሰ»፦ የጥቅል መከታተያ ቁጥር ታሪክና የሐሰት ማስረጃ አመጣጥ

አማርኛችን ለሰነድ ስም ሲያወጣ አንዳንድ ጊዜ ከሕግ ዐዋቂ የበለጠ ይጠነቀቃል። ገንዘብ ወይም ዕቃ የተረከበ ሰው ፈርሞ የሚሰጠውን ወረቀት «ደረሰኝ» እንለዋለን። ቃሉ በስምነት ያገለግል እንጂ በሰዋስው ረገድ ሲታይ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ተናጋሪውም ተቀባዩ ራሱ ነው። ላኪው «ልኬአለሁ» ቢል፣ አጓጓዡም «አድርሻለሁ» ብሎ ቢምል፣ ተቀባዩ በገዛ አንደበቱ «ደረሰኝ» እስካላለ ድረስ ነገሩ አልተዘጋም ማለት ነው። ዛሬ በኢንተርኔት የሚገበያይ ሰው በስልኩ መስታወት ላይ የሚያነበው ቃል ግን «ደረሰ» የሚል ነው። «ኝ» ወድቃለች። ይህች አንዲት ፊደል እንዴት እንደ ወደቀች፣ በተወችውም ክፍተት የሐሰት ማስረጃ ነጋዴዎች እንዴት እንደ ገቡበት ለማሳየት ይህ ጽሑፍ ይሞክራል። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ናቸው ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ማጭበርበሩን ላልገጠማቸው አንባብያን አሠራሩን በአጭሩ ማስረዳት ይገባል። በአሜሪካ የሚኖር አንድ ሰው በማስታወቂያ ተስቦ 200 ዶላር የሚያወጣ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ በ40 ዶላር አዘዘ እንበል። ገንዘቡ ወዲያው ይከፈላል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የመከታተያ ቁጥር ይላክለታል። ቁጥሩን በፖስታ መሥሪያ ቤቱ ገጽ ላይ ቢመረምረው ጥቅል ከሩቅ ተነሥቶ ወደ እርሱ ከተማ ሲጓዝ ያያል፤ በመጨረሻም «ደረሰ» የሚለውን ቃል ያነባል። በደጃፉ ግን ምንም ነገር የለም። ለሻጩ ሲጽፍ «ጎረቤት ይጠይቁ» የሚል መልስ ያገኛል፤ ወደ ክፍያ ድርጅቱ ሲያመለክት ደግሞ መዝገቡ መድረሱን ያሳያል ይባላል። እውነትም አንድ ጥቅል ደርሷል። የደረሰው ግን በዚያው ከተማ ለሚኖር ሌላ ሰው ነው፤ በውስጡም ያለው ባዶ ወረቀት ወይም አንድ ሣንቲም የማያወጣ ነገር ነው።

ስለዚህ «የሐሰት መከታተያ ቁጥር» የሚለው የተለመደ አጠራር ነገሩን በትክክል አይገልጸውም። ቁጥሩ እውነተኛ ነው፤ ጉዞውም እውነተኛ ነው፤ የፖስታ ሠራተኛውም አልዋሸም። ሐሰት የሆነው በዚያ ቁጥርና በዚያ ግዢ መካከል አለ የተባለው ዝምድና ብቻ ነው። ይህን ዝምድና የሚመዘግብ ሰው ደግሞ ከሻጩ በቀር ማንም የለም። ነገሩ ከዚህ እንዴት እንደ ደረሰ ለመረዳት ወደ ፖስታ ታሪክ መመለስ ግድ ነው።

በአማርኛ «የአደራ ደብዳቤ» የምንለው አገልግሎት በእንግሊዝ አገር በ1841 ተጀመረ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የእንግሊዝ ፖስታ የተራውን ደብዳቤ ዋጋ ወደ 1 ፔኒ አውርዶት ነበር። ለአደራ የተጠየቀው ተጨማሪ ዋጋ ግን 1 ሺሊንግ፣ ማለትም 12 ፔኒ ሆነ። ይህን ያህል ልዩነት ያመጣው የወረቀቱ ክብደት ወይም የመንገዱ ርዝመት አልነበረም፤ ሁለቱም ደብዳቤዎች በአንድ ከረጢት ሊጓዙ ይችሉ ነበር። ላኪው አሥራ ሁለት እጥፍ የከፈለው ደብዳቤው ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቍጥር በመዝገብ እንዲሰፍርለት፣ ተረካቢውም እንዲፈርምለት ነው። እንግዲህ የመከታተያ ቁጥር ቅድመ አያት ይህ ነው ለማለት ይቻላል። አሜሪካም በ1855 ተመሳሳይ አገልግሎት ጀመረች። በ1874 በበርን ከተማ የዓለም ፖስታ ኅብረት ከተመሠረተ በኋላ የአደራ ደብዳቤ ድንበር ተሻጋሪ ሥርዓት ሆነ፤ ላኪው ከፈለገም ተቀባዩ የፈረመበት የመቀበያ ካርድ በፖስታ ተመልሶ እንዲደርሰው ያደርግ ነበር። ያ ካርድ በእጅ የሚያዝ «ደረሰኝ» ነው። የተቀባዩ ፊርማ ውቅያኖስ አቋርጦ ወደ ላኪው ይመለሳል።

በአገራችን ዘመናዊ ፖስታ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1894 (በ1886 ዓ.ም.) ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዎቹም ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው መጡ። ኢትዮጵያ በኅዳር ወር 1908 (በ1901 ዓ.ም.) የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ለአገልግሎቱ የተሰጠው «አደራ» የሚለው ስም ከመዝገብ ይልቅ መተማመንን የሚያመለክት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። አሠራሩ ግን በመተማመን ላይ የቆመ አይደለም። በአዲስ አበባ የፖስታ ሣጥን ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በሣጥኑ የሚያገኘው ጥቅሉን ሳይሆን የጥሪ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን ይዞ ወደ መስኮቱ ይሄዳል፤ መታወቂያ ያሳያል፤ ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ ይረከባል። ይህ አሠራር ዘገምተኛ ነው፤ ወረፋውም አሰልቺ ነው። ነገር ግን ከላይ የተገለጸውን ዓይነት ማጭበርበር በዚህ መስኮት በኩል ማሳለፍ አስቸጋሪ ነው፤ ተቀባዩ ሳይቀርብ ጥቅሉ «ደረሰ» ሊባል አይችልምና።

በፖስታ ዕቃ መሸጥና በፖስታ ማጭበርበር እኩያሞች ናቸው። በ1872 አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የተባለ ነጋዴ በቺካጎ ከተማ ለገበሬዎች የሚሆን የዕቃ ዝርዝር በአንድ ቅጠል ወረቀት አትሞ በፖስታ በተነ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ፖስታን ለማታለያ መጠቀምን ወንጀል የሚያደርገውን ሕግ አወጣ። ከዚያ በኋላ በመንግሥት ፖስታ ጥቅል መላክ በጥር 1913 ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ ዕቃው ሲደርስ ገንዘብ የሚከፈልበት አገልግሎት ተጨመረ። ይህ የመጨረሻው፣ ፖስተኛውን ገንዘብ ተቀባይ ያደረገ በመሆኑ፣ ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ነበር፤ ገንዘቡ የሚመጣው ተቀባዩ ከወጣ ብቻ ነውና። በ1975 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ያወጣው ደንብ ሻጩ በገባው ጊዜ ውስጥ፣ ጊዜ ካልገለጸም በ30 ቀን ውስጥ ዕቃውን እንዲልክ፣ ካልቻለም ገንዘብ ለመመለስ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። አንባቢ ያስተውል፤ ደንቡ የሚቈጥረው መላክን ነው፤ መድረስን አይደለም። በወረቀት ዘመን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ያን ያህል አያስጨንቅም ነበር።

ለውጡ የመጣው ከአጓጓዦች በኩል ነው፤ የመጣበትም ምክንያት የተቀባዩ ጥቅም አልነበረም። ፌዴራል ኤክስፕረስ የተባለው ድርጅት ኤፕሪል 17 ቀን 1973 በሜምፊስ ከተማ ሥራ ሲጀምር በ14 አነስተኛ አውሮፕላኖች 186 ጥቅሎችን ወደ 25 ከተሞች አደረሰ። 186 ጥቅል በዓይን ሊቈጠር ይችላል። ቁጥሩ ወደ ብዙ ሺህ ሲያድግ ግን ጥያቄው «ጥቅሉ የት አለ?» የሚል ሆነ፤ ይህን ጥያቄ በመጀመሪያ የጠየቀው የድርጅቱ የራሱ የሥራ ክፍል ነው። መሥራቹ ፍሬድ ስሚዝ ስለ ጥቅሉ የሚሰጠው መረጃ ከጥቅሉ እኩል ዋጋ አለው ይሉ እንደ ነበር ይነገራል። በ1979 «ኮስሞስ» የሚባል ማዕከላዊ የኮምፒዩተር ሥርዓት ተተከለ፤ በ1986 ደግሞ ሠራተኞች በእጃቸው የሚይዙት «ሱፐርትራከር» የተባለ የባር ኮድ ማንበቢያ ተሰጣቸው። የባር ኮድ አሳብ ራሱ ከዚህ የቀደመ ነው፤ ውድላንድና ሲልቨር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1952 የፈጠራ መብት አግኝተውበት ነበር፤ በሱቅ ውስጥ ለሽያጭ የተነበበው ግን በሰኔ 1974 በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ በአንድ ፓኮ ማስቲካ ላይ ነው። እነዚህ ሁሉ መሣሪያዎች የተሠሩት ዕቃ እንዳይጠፋና ሠራተኛ እንዳይሳሳት ነው። የሙያ ባልደረቦቼ እንደሚስማሙበት፣ ስሕተትን ለመከላከል የተሠራ መሣሪያና ተንኮልን ለመከላከል የተሠራ መሣሪያ በውጭ መልካቸው ቢመሳሰሉም በዓይነት ይለያያሉ።

ይህን ልዩነት ከሁሉ አስረግጦ የሚያሳየው የዓለም ፖስታ ኅብረት «ኤስ 10» የተባለው የቁጥር ደረጃ ስለ ሆነ ጥቂት ልቆይበት። በዚህ ደረጃ መሠረት እያንዳንዱ ዓለም አቀፍ ጥቅል 13 ምልክቶች ያሉት መለያ ይሰጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የላቲን ፊደላት የአገልግሎቱን ዓይነት ይነግራሉ፤ በ«አር» የሚጀምር የአደራ መልእክት፣ በ«ሲ» የሚጀምር ጥቅል፣ በ«ኢ» የሚጀምር ፈጣን መልእክት ነው። ቀጥሎ 8 ተራ አኃዞች፣ ከዚያ 1 የማረጋገጫ አኃዝ፣ በመጨረሻም የላኪውን አገር የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት ይመጣሉ፤ የኢትዮጵያ «ኢ ቲ» ነው። የማረጋገጫው አኃዝ የሚገኘው ስምንቱን አኃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ 6፣ 4፣ 2፣ 3፣ 5፣ 9 እና 7 አባዝቶ፣ ውጤቶቹን ደምሮ፣ ድምሩን ለ11 በማካፈልና ቀሪውን ከ11 በመቀነስ ነው። ለምሳሌ ተራ ቁጥሩ 12345678 ቢሆን፣ ብዜቶቹ 8፣ 12፣ 12፣ 8፣ 15፣ 30፣ 63 እና 56 ይሆናሉ፤ ድምሩ 204 ነው፤ ለ11 ሲካፈል ቀሪው 6 ነው፤ 11 ሲቀነስ 6 እኩል 5። ስለዚህ ሙሉው መለያ «አር አር 123456785 ኢ ቲ» ይሆናል። አንድ ጸሓፊ ቸኩሎ የ7ና የ8ን ቦታ ቢያለዋውጥ ድምሩ 206፣ ቀሪው 8፣ አኃዙም 3 ይሆናል፤ ኮምፒዩተሩ 5ን ጠብቆ 3ን ሲያገኝ ቁጥሩን አይቀበለውም። (ውጤቱ 10 ሲሆን 0፣ 11 ሲሆን 5 ይጻፋል፤ ስለዚህ ቀሪው 6 ሲሆንም 0 ሲሆንም አኃዙ 5 ነው። በዚህች ቀዳዳ ጥቂት ስሕተቶች ሊያመልጡ እንደሚችሉ የሒሳብ ወዳጆች ያስተውሉ።)

ይህ አሠራር በጣም ያማረ ነው። የሚመልሰው ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነው፤ «ይህ ቁጥር ሲገለበጥ ተበላሽቷልን?» የሚለውን። «ይህ ቁጥር የማን ነው?» ለሚለው መልስ የለውም፤ «በውስጡ ምን አለ?» ለሚለውማ እንዴት ሊኖረው ይችላል? ብዙ ሰዎች ግን ረጅምና እንግዳ የሆነ ቁጥር ሲያዩ፣ የፖስታ መሥሪያ ቤቱም ገጽ ቁጥሩን ሲቀበለው፣ መሥሪያ ቤቱ ለሻጩ የመሰከረለት ይመስላቸዋል። እንደ እኔ ግምት የማጭበርበሩ ግማሽ ኃይል የሚመጣው ከዚህ አክብሮት ነው።

በኅዳር 1994 ፌዴራል ኤክስፕረስ የመከታተያ መዝገቡን በኢንተርኔት ገጽ ላይ ለሕዝብ ከፈተው። እስከዚያ ድረስ ደንበኛው ስልክ ደውሎ ይጠይቅ ነበር። ከዚህ በኋላ የውስጥ የሥራ መዝገብ የነበረው ነገር የሕዝብ ማስታወቂያ ሆነ። የሕዝብ ሲሆን ደግሞ አንድ ነገር መደበቅ ግድ ሆነ። ቁጥሩን የያዘ ሁሉ መዝገቡን ማየት ስለሚችል፣ የተቀባዩ ስምና የቤት ቁጥር ከገጹ ላይ አይጻፍም፤ የሚታየው ከተማውና የፖስታ አካባቢ ቁጥሩ ብቻ ነው። ይህ ለግል ሕይወት ጥበቃ ሲባል የተደረገና ተገቢም የሆነ ውሳኔ ነው። ውጤቱ ግን ይህ ነው፤ በአሜሪካ በአንድ ባለ 5 አኃዝ የፖስታ አካባቢ ቁጥር ውስጥ ብዙ ሺህ ቤቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ከእነዚህ ለማንኛቸውም የደረሰ ጥቅል በገጹ ላይ ለሁሉም የደረሰ ይመስላል።

ክፍተቱ ለብቻው ጉዳት አያመጣም ነበር። ጉዳት ያመጣው የክፍያ ድርጅቶች ይህን ገጽ እንደ ዳኛ ማስረጃ መቀበል ሲጀምሩ ነው። ኢቤይ በ1995፣ ፔይፓል የሆነው ድርጅት ደግሞ በ1998 ተመሠረቱ፤ በ2002 ኢቤይ ፔይፓልን ገዛው። የማይተዋወቁ ሰዎች በብዛት ሲገበያዩ በየቀኑ የሚነሣውን ክርክር በሰው መርምሮ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ለማሽን የሚመች መለኪያ ተፈለገ። በፔይፓል ደንብ ለተራ ሽያጭ የሚበቃው የማስረከቢያ ማስረጃ ከአጓጓዡ መዝገብ የተገኘ፣ ቀኑንና ቢያንስ የተቀባዩን ከተማ ወይም የፖስታ አካባቢ ቁጥር የሚያሳይ ነው፤ ፊርማ የሚጠየቀው ዋጋው ወደ 750 ዶላር ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ላለው ግዢ ሁሉ «ደረሰ» በ«ደረሰኝ» ቦታ ገብቶ እንዲሠራ ተፈቀደ ማለት ነው። የ40 ዶላር መሰርሰሪያ ለምን እንደሚበዛ ከዚህ ይታያል። እዚህ ላይ የክፍያ ድርጅቶቹን ለመውቀስ መቸኰል አይገባም፤ ያለዚህ መለኪያ እውነተኛው ሻጭ በሐሰተኛ ገዢ ይዘረፍ ነበር፤ ይዘረፍም ነበር። ቢሆንም የማስረዳቱ ሸክም ወደ ገዢው ዞረ። ያልሆነን ነገር አልሆነም ብሎ ማስረዳት ደግሞ በየትኛውም ሸንጎ ከባድ ነው።

የባዶ ጥቅል ንግድ በስፋት የታየው በቻይና ነው፤ መጀመሪያም የተነጣጠረው በገዢ ላይ አልነበረም። በታላላቆቹ የኢንተርኔት ገበያዎች ሻጭ ከፊት ረድፍ ለመቀመጥ ብዙ የሽያጭ ታሪክ ያስፈልገዋል፤ ያልሸጠ ሰው አይታይም፤ ያልታየም አይሸጥም። ስለዚህ አንዳንዶች በተከራዩት ሰው ስም ከራሳቸው ዕቃ መግዛት ጀመሩ። ገበያው መከታተያ ቁጥር ስለሚጠይቅም «ኮንግ ባኦ» (ትርጉሙ «ባዶ ጥቅል» ነው) የሚባሉ የሚሸጡ ቁጥሮች ተፈጠሩ፤ በቁጥሩ ስም ባዶ ፖስታ ይጓዛል፤ መዝገቡ ይሞላል፤ ሽያጩ ተፈጸመ ይባላል። አሊባባ በ2014 በኒው ዮርክ አክሲዮን ለመሸጥ ባቀረበው ሰነድ ይህን የመሰለ የይስሙላ ሽያጭ ለኩባንያው አደጋ እንደ ሆነ ራሱ ገልጾ ነበር። የቻይና የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግም ከጥር 2019 ጀምሮ የፈጠራ ሽያጭን በግልጽ ከለከለ። በ2020 ክረምት ብዙ አሜሪካውያን ያላዘዙት የአትክልት ዘር በፖስታ ሲደርሳቸው የአገሪቱ የእርሻ ሚኒስቴር የሰጠው ግምት ይህንኑ የሚመለከት ነበር። ባዶ ጥቅልን የይስሙላ ሽያጭ ማስመሰያ ያደረገ እጅ የእውነተኛ ገዢን ገንዘብ ማስቀሪያ ለማድረግ ብዙ መራመድ አላስፈለገውም።

የጭነት ዋጋውም አግዟል። በፖስታ ኅብረቱ የቈየ ስምምነት ከታዳጊ አገሮች የሚላክ ትንሽ ጥቅል በተቀባዩ አገር የሚከፍለው ዋጋ ዝቅተኛ ነበር፤ ቻይናም ከእነዚሁ ተቈጥራ ቈይታለች። ኅብረቱ በመስከረም 2018 በአዲስ አበባ ልዩ ጉባኤ አድርጎ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር አሜሪካ ዋጋው ካልተሻሻለ ከኅብረቱ እወጣለሁ ብላ አስታወቀች፤ ነገሩም በ2019 በጄኔቫ በተደረገ ሌላ ልዩ ጉባኤ በስምምነት አለቀ። ይህ ረጅም ታሪክ ስለ ሆነ በዚሁ ልተወው።

ለማኅበራችን አባላት ይበልጥ የሚስበው ግን የሙያ ጉዳይ ነው፤ በአንድ ጥቅል ላይ አድራሻው ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ቋንቋ መጻፉ ነው። አንዱ ለማሽን በባር ኮድ የተጻፈ ነው፤ ሌላው ለፖስተኛው ዓይን በፊደል የታተመ ነው። ማሽኑ ጥቅሉን ወደ ከተማውና ወደ ሠፈሩ ይመራዋል፤ ፖስተኛው ከዚያ በኋላ በታተመው ስምና የቤት ቁጥር ይሄዳል። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን በየደረጃው የሚያመሳክር የለም። ስለዚህ አታላዩ በትክክለኛው የገዢ አድራሻ የጉዞ ወረቀት ገዝቶ፣ ባር ኮዱን ሳይነካ የታተመውን ስምና ቤት ቢለውጠው፣ በሻጩ መዝገብ ውስጥ የገዢው ስም አለ፤ በፖስታ መዝገብ ውስጥ «ደረሰ» አለ፤ ጥቅሉ ግን በሌላ ቤት አለ። ይኸው ዘዴ ተገልብጦ በሻጮችም ላይ ይሠራል፤ ዕቃ እመልሳለሁ ያለ ገዢ ባዶ ፖስታ ወደ ሻጩ ከተማ ልኮ «መለስሁ» ይላል። በአንድ ሥርዓት ውስጥ አንድ መረጃ በሁለት ቦታ ከተመዘገበና የሚያስታርቀው ከሌለ አንዱ ቀን ቈጥሮ እንደሚዋሽ የምሕንድስና ተማሪ ሁሉ ተምሮታል።

ጥቅልን ተገን ያደረገ ሌላ ማጭበርበርም አለ፤ ብዙ ጊዜ ከዚህኛው ጋር ስለሚደባለቅ በጥቂቱ ላንሣው። «አድራሻዎ ስላልተሟላ ጥቅልዎ ተይዟል፤ ይህን ተጭነው ጥቂት ክፍያ ይፈጽሙ» የሚለው የስልክ መልእክት ነው። በዚህ ጊዜ ጥቅልም ቁጥርም የለም፤ የሚፈለገው የባንክ ካርዱ ቁጥር ነው። በ2021 በአውሮፓ «ፍሉቦት» የተባለ የስልክ ተባይ በዚሁ መልክ ተዛምቶ፣ በ2022 የ11 አገሮች ፖሊሶች ተባብረው አስቁመውታል። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን እንደ ገለጸው በ2024 በስልክ መልእክት ተጀምረው ሰዎችን ያታለሉ ማጭበርበሮች 470 ሚሊዮን ዶላር ወስደዋል፤ ከሁሉ የበዛው አቤቱታም የሐሰት የጥቅል መልእክት ነበር። በአረብ አገሮች ያሉ ወገኖቻችንም ይህን መልእክት በየጊዜው ያዩታል። መከላከያው አጭር ነው፤ የተላከውን መስመር ሳይነኩ የአጓጓዡን አድራሻ በራስ እጅ ጽፎ መግባት።

ወደ ዋናው ነገር ስንመለስ፣ ገዢው የወደቀችውን «ኝ» ፈልጎ ማግኘት አለበት። መዝገቡ በገጹ ላይ ከሚታየው ይበልጣል። ቁጥሩ እንደ ተሰጠው ቀኑን ይመልከት፤ ጥቅሉ የተመዘገበው ግዢው ከተፈጸመበት ቀን አስቀድሞ ከሆነ ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው። ክብደት ከተጻፈ ክብደቱን ይመልከት፤ መሰርሰሪያ 30 ግራም አይመዝንም። «ደረሰ» ተብሎ ካልደረሰው፣ ከሻጩ ጋር ደብዳቤ ከመመላለስ በፊት በአካባቢው ወዳለው ፖስታ ቤት በአካል ይሂድ። የአሜሪካ ፖስተኛ የሚይዘው ማንበቢያ ጥቅሉ በተተወበት ጊዜ ቦታውን በሳተላይት ይመዘግባል፤ ሠራተኛው የሌላውን ሰው አድራሻ ሊነግረው ባይፈቀድለትም፣ ጥቅሉ በእርሱ አድራሻ እንዳልተላከ ማረጋገጥ ይችላል። ይህን በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ። ጥቂት መስመር ያላት፣ የፖስታ ቤቱ ስምና ቀን ያለባት ወረቀት ከብዙ ገጽ አቤቱታ ትበልጣለች፤ የመዝገቡ ባለቤት መዝገቡን ሲተረጉም ሻጩ የሚመልሰው የለውምና።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ብዙዎች ገንዘባቸውን ያጡትም በማስረጃ እጥረት ሳይሆን በቀን ማለፍ ነው። ቀስ ብሎ የሚጓዝ የመከታተያ መዝገብ አንዱ ጥቅሙ ገዢውን ማስተኛት ነው። ጥቅሉ እየመጣ ሲመስል ማን ይከሳል? ሻጩም «ሁለት ሳምንት ይታገሡ፤ ሌላ እንልክልዎታለን» እያለ ቀኑን ይገፋል። በፔይፓል ክርክር የሚከፈተው ከክፍያው ቀን አንሥቶ በ180 ቀን ውስጥ ነው። በዱቤ ካርድ ለከፈለ ሰው የ1974ቱ የአሜሪካ ሕግ ያልደረሰን ዕቃ የሒሳብ ስሕተት አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ሆኖም አቤቱታው የመጀመሪያው የሒሳብ መግለጫ ከተላከበት በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ሻጩ «አስቀድመው ክርክሩን ይዝጉ፤ ከዚያ ገንዘብዎን እንመልሳለን» ቢል መልሱ «አስቀድመው ይመልሱ» ነው፤ አንዴ የተዘጋ ክርክር ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይከፈትም። ተራ ነገር ያለበት ፖስታ በእርግጥ በስሙ ለደረሰው ሰው ደግሞ ክሱ «አልደረሰኝም» ሳይሆን «ያዘዝሁት አይደለም» የሚል ይሆናል፤ ሁለቱን ያደባለቀ በራሱ ቃል ይረታል። ፖስታውን ከነወረቀቱ ፎቶግራፍ አንሥቶ ማስቀመጥም ለዚሁ ነው።

አጓጓዦቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። አንዳንዶቹ ጥቅሉ በደጃፍ ተቀምጦ ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ይህ ቦታን ያሳያል፤ ተቀባዩ እንዲናገር ግን አያደርግም። ከዚህ የሚሻለው በተለያዩ አገሮች ለውድ ዕቃ የሚሠራበት የአንድ ጊዜ ኮድ ነው፤ ቁጥሩ ለገዢው ስልክ ይላካል፤ አድራሹም ከገዢው አፍ ሰምቶ በመሣሪያው ካላስገባው ጥቅሉ «ደረሰ» አይባልም። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ከ1841 ወዲህ በዚህ መስክ ከታዩት መሻሻሎች ዋነኛው ነው፤ ተቀባዩን ተናጋሪ አድርጎ መልሶታልና። አታላዮችም ይህን ስለ ተረዱ አሁን ስልክ እየደወሉ፣ የድርጅቱ ሠራተኞች መስለው፣ ኮዱን አስቀድሞ መጠየቅ ጀምረዋል። ኮዱ መነገር ያለበት ጥቅሉ በዓይን ታይቶ፣ በእጅ ተይዞ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ግን ኮዱም አያይም። በአዲስ አበባ ብዙ ጊዜ ዕቃ በሞተር ብስክሌት መጥቶ፣ ተከፍቶ ታይቶ፣ ከዚያ ገንዘብ የሚከፈልበት ልማድ አለ፤ ይህ እስካሁን ከተነገሩት መሣሪያዎች ሁሉ ይበልጣል፤ ሻጭና ገዢ በአንድ ከተማ እስካሉ ድረስ።

ዕቃው ባሕር አቋርጦ ሲመጣ ግን አሮጌው መንገድ አልተዘጋም። በ«አር» ፊደል የሚጀምረው የአደራ ቁጥር ዛሬም በፖስታ ኅብረቱ አገሮች ይሠራበታል፤ ተረካቢውም በመስኮቱ ፊት ቆሞ ይፈርምለታል፤ ዋጋውም እንደ ቀድሞው ከተራው ይበልጣል።